መጀመሪያ ደጃችሁ የደረሰውን መስመር ጠይቁ

ጎረቤቶቼ፣ ለዓመታት ቆጥባችሁ፣ ዕጣ ጠብቃችሁ፣ የቤታችሁን ቁልፍ ተረክባችሁ ዛሬ እዚህ መቀመጣችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የብሎኩ ኮሚቴ ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ኢንተርኔት እንድናገር ሲጠይቀኝ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ይህን ጉዳይ የሚያስበው ሶፋው ገብቶ፣ መጋረጃው ተሰቅሎ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግድግዳው ተለስኖ ቀለም ጠጥቷል፣ ሴራሚኩ ተነጥፏል፣ አንዲት ገመድ ለማሳለፍ መሮ ይዞ መቦርቦር ግድ ይሆናል። እናንተ ግን አሁን ገና በልስን ላይ ናችሁ። ስለዚህ ከዛሬ የተሻለ ጊዜ የለም።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ ቴሌ ይሻላል ሳፋሪኮም? ዲኤስቲቪ ላስገባ ወይስ ተራ ዲሽ ይበቃኛል? እኔ ከዚያ በፊት ሌላ ነገር እጠይቃለሁ። ብሎካችሁ ድረስ የደረሰው የትኛው መስመር ነው? አንድ ድርጅት በከተማው ውስጥ የቱንም ያህል ፈጣን አገልግሎት ቢኖረው፣ ፋይበሩ ከእናንተ ብሎክ ወዲያ ማዶ ከቆመ ለእናንተ የለም ማለት ነው። ጀሞ ያለው ወንድማችሁ አመስግኖ የማይጠግበው አገልግሎት ኮዬ ፈጬ ላይ ላይሠራ ይችላል። እዚያው ኮዬ ፈጬ ውስጥም አንዱ ብሎክ የሚያገኘውን ሌላው ላያገኝ ይችላል። የድርጅቱን ስም መምረጥ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ዛሬ የምነግራችሁ ከእሱ በፊት ያለውን ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው እንለይ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ አዲስ ቤት ሲገቡ ለአንድ ድርጅት ደውለው ቴሌቪዥኑንም ኢንተርኔቱንም በአንድ ገመድ፣ በአንድ ሂሳብ ያስገባሉ። እኛ ጋ ነገሩ እንዲህ አይደለም። ቴሌቪዥናችን በአብዛኛው ከሰማይ ይወርዳል፣ ኢንተርኔታችን ደግሞ ከመሬት በገመድ ወይም ከቅርብ ማማ በአየር ይመጣል። ሁለቱ አመጣጣቸውም ለየብቻ ነው፤ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ኢንተርኔት አገራችን የገባው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1989 ዓ.ም. ነው። የሚቆጣጠሯቸውም መሥሪያ ቤቶች ይለያያሉ፤ ጣቢያዎቹን የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን፣ ኢንተርኔቱን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይመለከታል። ስለዚህ ለቤታችሁ የምትወስኑት ሁለት የተለያየ ውሳኔ ነው፤ አንደኛው በአብዛኛው አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የሚያልቅ፣ ሁለተኛው በየወሩ የሚከፈልበት።

ከቴሌቪዥኑ ልጀምር። ለብዙ ዓመታት የአገራችን ጣቢያዎች ይታዩ የነበሩት በናይልሳት አቅጣጫ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት የሚባለው በተለይ ለኢትዮጵያ ጣቢያዎች የተዘጋጀ ሥርጭት ከተጀመረ ወዲህ ግን አብዛኞቹ ወደዚያ ተሻገሩ። ይህ ለእናንተ ምን ማለት እንደሆነ ላሳያችሁ። ናይልሳት ከአዲስ አበባ ሲታይ ወደ ምዕራብ፣ ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ነው። ኢትዮሳት የሚሠራጭበት ሳተላይት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስላለ፣ ከእኛ ሲታይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው ያለው። ዲኤስቲቪ የሚጠቀምበት 36 ዲግሪ ምሥራቅ ደግሞ ከአናታችን ብዙም አይርቅም፤ ወደ 79 ዲግሪ ይጠጋል።

አሁን በረንዳችሁን አስቡት። ከእናንተ በላይ የሚኖረው ጎረቤት በረንዳ ለእናንተ ጣሪያ ነው። ናይልሳትን የሚፈልግ ዲሽ ዝቅ ብሎ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ፣ በረንዳው ወደዚያ ከዞረ ምንም አይከልለውም ነበር። ኢትዮሳትን የሚፈልገው ግን ሽቅብ ያያል። ዲሹ ከላይኛው ወለል አንድ ሜትር ተኩል ዝቅ ብሎ ከተሰቀለ፣ ያ ወለል ከዲሹ ፊት ከ67 ሳንቲ ሜትር በላይ ከወጣ ሳተላይቱ ተከልሏል ማለት ነው። ዲሽ የሚገጥመው ልጅ ቀኑን ሙሉ ቢያዞረው፣ ሪሲቨር ቢቀያይር፣ ኤልኤንቢውን (ዲሹ ፊት ያለውን ሲግናል መቀበያ) ቢለዋውጥ ኮንክሪቱን አልፎ የሚመጣ ሲግናል የለም። በረንዳቸው ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምዕራብ የዞረ ሰዎች ዕቃው ተበላሽቶ ነው እያሉ ሁለተኛ ሪሲቨር ሲገዙ ማየት ያሳዝነኛል። ዕቃው ደህና ነው፤ የጎደለው የሰማይ እይታ ነው።

ስለዚህ የብዙዎቻችሁ ዲሽ ቦታው ጣሪያ ላይ ነው። ልቤ ውስጥ ያለውንና ኮሚቴው እንዲሰማልኝ የምፈልገውን ልናገር፤ ጣሪያው የጋራ ነው፣ ዲሹም የጋራ ይሁን። የድሮዎቹን ኮንዶሚኒየሞች ሂዱና እዩ። አንድ ብሎክ ላይ በየበረንዳው አንድ ዲሽ፣ አንዳንዱ ላይ ሁለትና ሦስት፣ ገመዱ እንደ ሐረግ ከፎቅ ፎቅ ተንጠልጥሎ፣ ጣሪያው ላይ ለእያንዳንዱ ዲሽ ቆርቆሮው እየተበሳ ክረምት ሲመጣ ውሃው የአራተኛ ፎቁን ሰው ኮርኒስ ያበሰብሳል። ሁሉም ዲሾች የሚያዩት ያንኑ አንድ ሳተላይት ነው። ይህን ያህል ገንዘብ አውጥተን ቆርቆሯችንን የምንበሳበት ምክንያት የለም።

የጋራ ዲሽ ሲባል ግን አንድ ነገር በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። ከአንድ ዲሽ አንድ ገመድ አውጥቶ በመከፋፈያ ለአምስት ቤት ማደል አይሠራም። የእያንዳንዱ ቤት ሪሲቨር ዲሹ ላይ ላለው ኤልኤንቢ በገመዱ በኩል ትእዛዝ ይልካል፤ 13 ቮልት ሲልክ አንዱን የጣቢያ ወገን፣ 18 ቮልት ሲልክ ሌላውን ይጠይቃል። በአንድ ገመድ የተያያዙ ሁለት ቤቶች ከተለያየ ወገን ጣቢያ ሲከፍቱ አንደኛው የሌላውን ያጠፋል፤ ጠቡ የሚጀመረው ከዚያ ነው። መፍትሔው ለየቤቱ የራሱ መውጫ እንዲኖር ማድረግ ነው። ለአራት ቤት ባለ አራት መውጫ ኤልኤንቢ ይበቃል። ለሙሉ ብሎክ ደግሞ መልቲስዊች የሚባል ሳጥን አለ፤ ከዲሹ የሚመጣውን ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ቤት ራሱን የቻለ ገመድ ይሰጣል። ወጪው በየቤቱ ሲካፈል ለብቻ ዲሽ፣ ኤልኤንቢና የገጣሚ ዋጋ ከመክፈል እንደሚቀል አስልታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ገጣሚው ሲመጣ አብራችሁት ቁሙ። አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ሆኖ "መጣ?" እያለ ይጮኻል፣ ታች ቴሌቪዥኑ ፊት ያለው "መጣ፣ ኧረ ሄደ፣ ቆይ መለስ አድርገው" ይላል። ያን ጊዜ ማያው ላይ ሁለት አሞሌዎች ይታያሉ፤ አንደኛው የሲግናል ኃይል፣ ሁለተኛው የሲግናል ጥራት። ሰው የሚያየው ኃይሉን ነው፤ ዋናው ግን ጥራቱ ነው። ኃይሉ ሞልቶ ጥራቱ ዝቅ ብሎ ከተተወ ዛሬ ፀሐይ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ሐምሌ ላይ ዶፍ ሲጥል ምስሉ ይቆራረጣል። ገጣሚው ሥዕሉ ታየ ብሎ እንዳይወርድ፣ ጥራቱ ከዚያ በላይ አልወጣ እስኪል ድረስ በጥቂት ሚሊ ሜትር እያንቀሳቀሰ እንዲያስተካክል አድርጉ፤ ከዚያ በኋላ ብሎኖቹን ያጥብቅ። የገመዱ ጫፍ ከኤልኤንቢው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በላስቲክ ፕላስተር በደንብ ይጠቅልለው። ክረምት ላይ ከሚጠፉት ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ የሚጠፉት ውሃ በዚያች ጫፍ ገብቶ በገመዱ ውስጥ ስለሚወርድ ነው።

ስለ ዲኤስቲቪ ብዙ አልልም። በየወሩ የሚከፈልበት ነው፤ ኳስ ወዳድ ቤተሰብ ሊፈልገው ይችላል፤ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በአማርኛ መተረክ ከጀመረ ወዲህ የብዙ ቤት ፍላጎት እንደሆነ አውቃለሁ። ከመዋዋላችሁ በፊት የምትፈልጉት ውድድር በየትኛው ጥቅል ውስጥ እንዳለ በስም ጠይቁ፤ በዝቅተኛው ጥቅል ከፍላችሁ ዋናው ጨዋታ ከፍ ባለው ውስጥ ሆኖ ከተገኘ ጥያቄው የዘገየ ይሆናል። ደግሞም የእሱ ሳተላይት ሌላ ስለሆነ ዲሹም ሌላ ነው፤ ጣሪያው ላይ ለእሱም አንድ የጋራ ቦታ አስቀምጡለት።

አንዳንድ ወጣቶች "ዘመናዊ ቴሌቪዥን ገዝቻለሁ፣ ሁሉንም በዩቲዩብ አያለሁ፣ ዲሽ ምን ያደርግልኛል?" ይሉኛል። እኔ ዲሹን አትተዉት እላለሁ፤ ምክንያቴም ሁለት ነው። የመጀመሪያው እናቶቻችን ናቸው። ቤት የምትውል እናት ጠዋት ቅዳሴዋን ወይም ቁርዓኗን፣ ማታ ድራማዋንና ዜናዋን በአንድ ቁልፍ ነው የለመደችው። ዋይፋይ ተቋረጠ፣ መተግበሪያው ይታደስ አለ፣ የይለፍ ቃል ጠየቀ እያለ የሚያስቸግር ቴሌቪዥን እሷን ከራሷ ቤት ያገልላታል። ሁለተኛው ምክንያት ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ ሁላችንም ያየነው ነው። ዜና ለመስማት ሰው የተመለሰው ወደ ዲሹና ወደ ሬዲዮው ነበር። የቤታችሁን ጆሮና ዓይን ሁሉ በአንዲት ገመድ ላይ አታንጠልጥሉ።

ወደ ኢንተርኔቱ ልግባ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሰፊ ነው። እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አዲስ አበባ ውስጥ ለአብዛኛው ሰው ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበር። ሳፋሪኮም ፈቃዱን በ2013 አግኝቶ መስከረም 2015 ላይ አዲስ አበባ ውስጥ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ሁለት ሆነዋል። በአንዳንድ ሪል እስቴቶችና ሕንፃዎች ዌብስፕሪክስን የመሰሉ አቅራቢዎችም ገብተዋል። ነገር ግን ከስማቸው ይልቅ ወደ ቤታችሁ የሚገቡበት መንገድ ነው የሚለያያቸው። መንገዱ ሦስት ነው፤ የመዳብ ስልክ መስመር፣ ፋይበር፣ እና ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር።

የመዳቡ መስመር ዕድሜውን የጨረሰ ነው። ለስልክ ንግግር ታስቦ የተዘረጋ ስለሆነ፣ ከስልክ ጣቢያው እየራቃችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ከሁለት ኪሎ ሜትር በኋላ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። መዳቡ ራሱ ስለሚሸጥ ይሰረቃል፤ አንድ ሌሊት ተቆርጦ ሰፈሩ በሙሉ ለቀናት ያለ መስመር የሚቀርበት ጊዜ አለ። ትልቁ ችግሩ ግን ሰው ልብ የማይለው ነው፤ የሚያወርደው ብዙ፣ የሚልከው ግን እጅግ ትንሽ ነው። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ካለች ልጃችሁ ጋር በቪዲዮ ስታወሩ የእሷ ፊት ጥርት ብሎ ይታያችኋል፤ እሷ ግን "እማዬ፣ ቆመሻል፣ ድምፅሽም አይሰማም" ትላለች። ጥፋቱ የእሷ ስልክ አይደለም፤ ከእናንተ ቤት ወደ ውጭ የሚወጣው መንገድ ጠብቦ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም አገልግሎት ስትጠይቁ የማውረጃውን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የመላኪያውንም በቁጥር ጠይቁ። ልጆቻቸው ስደት ላሉባቸው ወላጆች ከሁለቱ የሚበልጠው የመላኪያው ነው።

ፋይበር ብሎካችሁ ደርሶ ከሆነ አታመንቱ። ዋጋው ከሌላው ትንሽ ቢበልጥ እንኳ ለቤት እሱን የሚያህል የለም። በውስጡ የሚሄደው ብርሃን ነው፤ የመስታወቱ ክር ውፍረት የአንድ ሚሊ ሜትር ስምንተኛ ብቻ ነው፤ ለሌባ የሚሸጥ ነገር የለውም፤ በዚህ ከተማ ውስጥ ባለው ርቀት ደግሞ ፍጥነቱ በመራቅ አይቀንስም። ድካሙ አንድ ነው፤ ስብራትና እጥፋት አይወድም። በጣም ጠበብ ባለ ክብ ከታጠፈ ብርሃኑ በጎን ይፈስሳል። ቴክኒሻኑ በጥንቃቄ ዘርግቶት ይሄዳል፣ በሳምንቱ አናጺ መጥቶ ቁም ሣጥን ሲያስጠጋ ክሩን ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል፣ ማታ ኢንተርኔት የለም። ግድግዳ ላይ ያለችውን ትንሿን ሳጥን ተመልከቱ፤ ቀይ መብራት እያበራች ከሆነ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው። ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ስትደውሉ "ኢንተርኔት አይሠራም" ብቻ አትበሉ፤ "ቀዩ መብራት በርቷል" በሉ። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ ከሚለው ምልልስ ያድናችኋል፤ የሚላከውም ሠራተኛ የመስመር ሠራተኛ ይሆናል።

ፋይበር ገና ካልመጣላችሁ፣ ወይም ቤቱን አከራይታችሁ በዓመት ውስጥ ልትወጡ ካሰባችሁ፣ ሲም የሚገባበት ራውተር ጥሩ መሸጋገሪያ ነው። እዚህ ላይ ግን በማስታወቂያ አትምረጡ። ከመግዛታችሁ በፊት የሁለቱንም ድርጅቶች ሲም ስልክ ላይ አድርጋችሁ፣ ራውተሩ ሊቀመጥ የታሰበበት ክፍል ገብታችሁ፣ ፍጥነቱን ለኩ። የምትለኩትም ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ከምሽቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን፤ ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ ስልኩን የሚከፍትበት ሰዓት እሱ ነው። በአየር የሚመጣ ኢንተርኔት በአንድ ማማ ሥር ያሉ ሰዎች ሁሉ የሚካፈሉት ነው። አዲስ ሰፈር ላይ ዛሬ ሰው ስለሌለ ይፈጥናል፤ ብሎኮቹ በሰው ሲሞሉ እንዲሁ ይቀጥላል ብላችሁ አትወስኑ።

አሁን ስለ ፍጥነትና ስለ መጠን እንነጋገር፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ውል ላይ የሚጻፈው 10 ሜጋ በሴኮንድ ሜጋ ቢት ነው፤ ፋይል ስታወርዱ የምታዩት ደግሞ ሜጋ ባይት ነው፤ ስምንቱ ቢት አንድ ባይት ነው። ስለዚህ በ10 ሜጋ መስመር አንድ ጊጋ ባይት ፊልም ለማውረድ ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ይህ የማንም ማታለል አይደለም፣ ሒሳቡ ነው። አንድ ሰው ጥርት ያለ ቪዲዮ ለማየት 5 ሜጋ ያህል ይበቃዋል፤ በቪዲዮ ለማውራት ከ1 እስከ 4 ሜጋ ነው። እናት ዩቲዩብ ላይ መዝሙር ብትከፍት፣ ልጅ በኢንተርኔት ክፍል ቢማር፣ ሌላዋ ከአክስቷ ጋር ብታወራ፣ የማይቆራረጥ 10 ወይም 15 ሜጋ ሁሉንም ያኖራል። 50 ሜጋ ለመግዛት ከመቸኮላችሁ በፊት አነስ ባለው ጀምራችሁ አንድ ወር እዩት። ፍጥነት ከፍ ማድረግ ቀላል ነው፤ ለማያስፈልግ ፍጥነት የተከፈለ ብር ግን ተመልሶ አይመጣም።

በመጠን የተገደበ ጥቅል የምትገዙ ደግሞ ይህን ስሌት ያዙ። 5 ሜጋ የሚበላ ቪዲዮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊጋ ባይት ከሩብ ይጨርሳል። ቤተሰቡ በየምሽቱ ሁለት ሰዓት ቢያይ በወር 135 ጊጋ ነው። የስልክ ጥቅል እየገዙ ትልቁን ቴሌቪዥን መመገብ አያዋጣም። ቤታችሁ ውስጥ ኢንተርኔት ለቴሌቪዥን የሚውል ከሆነ ያልተገደበውን ውሰዱ፤ ለመልእክትና ለጥሪ ብቻ ከሆነ ጥቅሉ ይበቃችኋል። ስልካችሁ ላይ ያለፈውን ወር የዳታ ፍጆታ ከፍታችሁ ብታዩት የትኛው ወገን እንደሆናችሁ ወዲያው ታውቃላችሁ።

ቤት ውስጥ ስላለው ዝርጋታ ኤሌክትሪክ ሠራተኛችሁን ሳታሰናብቱ ተነጋገሩ፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ልስኑ ከመጠናቀቁ በፊት ከበሩ አጠገብ እስከ ሳሎን፣ ከሳሎን እስከ ዋናው መኝታ ቤት ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ይቅበርላችሁ፤ በውስጡም መጎተቻ ሲባጎ ይተው። አንደኛው ቱቦ ለፋይበርና ለኢንተርኔት ገመድ፣ ሌላው ለዲሽ ገመድ። ከ220 ቮልቱ መስመር ጋር በአንድ ቱቦ አታስገቧቸው፤ ለሰውም አደጋ ነው፣ ለሲግናሉም ጥሩ አይደለም። ይህ ሥራ ዛሬ ከቱቦው ዋጋና ከጥቂት ሰዓት የዘለለ አይጠይቅም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ድርጅት የተሻለ ነገር ይዞ ቢመጣ ቱቦው ክፍት ነው፤ ገመዱን ስባችሁ ሌላ ታስገባላችሁ። አቅራቢ የመቀየር ነፃነታችሁ የሚጀምረው ከዚያ ቱቦ ነው።

ራውተሩን በሩ አጠገብ ካለ ማዕዘን ወይም ከፍሪጅ ጀርባ አታስቀምጡት። የቤታችን ምሰሶና ወለል ብረት ያለበት ኮንክሪት ነው፤ ዋይፋይ እዚያ ላይ ይዳከማል። ከፍ ባለ ቦታ፣ ቤቱ መሐል አካባቢ ይሁን። ራውተሩ ሁለት ስም የሚያሳይ ከሆነ 5 የሚል ቁጥር ያለበት ፈጣን ግን አጭር ርቀት የሚሄድ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ አጭርነቱ ይጠቅማል፤ የላይኛውና የጎን ጎረቤት ዋይፋይ ከእናንተ ጋር አይጋፋም። ቴሌቪዥኑን ግን ከቻላችሁ በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙት፤ ትልቁን ፍጆታ ከአየር ላይ ካነሳችሁ ለሌላው የቤቱ ሰው ይሰፋለታል።

መብራት ነገር አለ። ፋይበሩ ራሱ መብራት አይፈልግም፤ ቤታችሁ ያለችው ሳጥንና ራውተሩ ግን ይፈልጋሉ። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ በ12 ቮልት የሚሠሩና ጥቂት ዋት ብቻ የሚበሉ ናቸው። ለእነሱ ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ ዩፒኤስ አለ፤ የእጅ መዳፍ የምታህል ባትሪ ናት። መብራት ሲጠፋ ለሰዓታት ታቆያቸዋለች። ስትገዙ የራውተራችሁን ቻርጀር ይዛችሁ ሂዱ፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው ቮልትና አምፔር ከዩፒኤሱ ጋር መስማማት አለበት። ከቤት የሚሠራ ወይም በኢንተርኔት የሚማር ልጅ ካላችሁ፣ ፈጣኑን ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን ግዙ እላለሁ። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ከሚወረወረው ኃይል የሚጠብቅ ማከፋፈያ ለቴሌቪዥኑም ለሪሲቨሩም ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ስለ ውሉ ነው። ማመልከቻ ስታስገቡ የብሎክ ቁጥራችሁንና የቤት ቁጥራችሁን አስጽፋችሁ፣ ማመልከቻው የተመዘገበበትን ቁጥር ተቀበሉ። የመግጠሚያ፣ የራውተርና የወር ክፍያ ለየብቻ በጽሑፍ ይነገራችሁ። ራውተሩ የእናንተ ነው ወይስ ሲቋረጥ የሚመለስ? ቤት ብትቀይሩ መስመሩ ይዛወራል? ያልተገደበ የተባለው ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል? እነዚህን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። የሚገጥመው ሠራተኛ ከመሄዱ በፊት ፊት ለፊታችሁ በገመድ አገናኝቶ ፍጥነቱን ይለካ፤ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡት። በኋላ ሲቀንስ ማስረጃችሁ እሱ ነው። ቅሬታችሁን መጀመሪያ ለድርጅቱ አቅርቡ፣ ቀኑንና የቅሬታውን ቁጥር መዝግቡ፤ አልፈታ ካለ የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ያቋቋመው ባለሥልጣን የሚሰማችሁ አካል ነው። በቃል የቀረበ ቅሬታ በቃል ይቀራል።

ለብቻው አንድ ቤት ፋይበር ቢጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ "አካባቢው ገና አልደረሰም" ነው። አንድ ብሎክ ሙሉ ፍላጎቱን በአንድ ደብዳቤ፣ የቤት ቁጥርና ፊርማ አያይዞ ሲያቀርብ ግን ድርጅቱ የሚያየው የአንድ ቤት ወርሃዊ ክፍያ ሳይሆን የብዙ ቤት ነው፤ ገመዱን እዚህ ድረስ ለመሳብ የሚያዋጣ ምክንያት ያገኛል። ስለዚህ ኮሚቴው ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ ሦስት ነገር እንዲያደርግ እጠይቃለሁ፤ ፋይበር የሚፈልጉትን ቤቶች ስም ዝርዝር ይያዝ፣ ለጋራው ዲሽ ዋጋ ቢያንስ ከሁለት ገጣሚዎች ይጠየቅ፣ የጣሪያው በር ቁልፍም በማን እጅ እንደሚቀመጥ ይወሰን። ወረቀቱ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። በረንዳችሁ ወደየት እንደዞረ የማታውቁ ካላችሁ ከዚህ በኋላ አብረን ወጥተን እናያለን። ጥያቄያችሁን ልስማ።